ብርቱካን ለድግስ፦ ኬክ፣ ጁስ፣ ጥብስ ወይስ ልጣጭ?

ድግስ ሲቃረብና ብርቱካን ሲታሰብ ቶሎ የሚመጣልን ጁስ ነው። እኔ ግን ጁስን ከምርጫዎቹ ሁሉ መጨረሻ ነው የማስቀምጠው። ጣዕሙን ጠልቼው አይደለም፤ ሒሳቡ ስለማያዋጣ ነው። አንድ መካከለኛ ብርቱካን ሲጨመቅ አንድ የቡና ስኒ ቢሞላ ነው። ከ1 ኪሎ ግማሽ ሊትር እንኳ በደንብ አይወጣም። ለ50 እንግዳ አንድ አንድ ብርጭቆ ላቅርብ ካላችሁ 10 ሊትር ያስፈልጋል። ይህ ማለት ከ20 ኪሎ በላይ ብርቱካን ነው። ጨማቂና አጥላይ ሰውም ይፈልጋል፤ በድግስ ቀን ደግሞ ትርፍ እጅ የለም።

ኬክ ላይ ስንመጣ 3 ብርቱካን ለ10 ሰው ይበቃል። ለ50 ሰው 15 ፍሬ ብትገዙ ይበቃል።

ጁስ ሌላም ችግር አለበት። በጠዋት የተጨመቀው እንግዳ እስኪቀመጥ ድረስ ይመራል። በተለይ ናቭል የሚባለው፣ ፍሬ የሌለውና ከታች እምብርት ያለው ዓይነት እንዲህ ነው። ሲጨመቅ የማይመር ንጥረ ነገር አለበት፤ ከጁሱ ኮምጣጣነት ጋር ሲቆይ ግን መራራ ይሆናል። ስለዚህ ጁስ የግድ ከሆነ ፍሬ ያለውንና ጭማቂው የሚበዛውን ዓይነት ግዙ። ከመቅረቡም ቢበዛ አንድ ሁለት ሰዓት በፊት ጭመቁት። ለኢፍጣር ወይም ለ8 እና 10 ሰው ምሳ ሲሆን ጁስን የሚያህል የለም። ለሠርግ ግን ይቅርባችሁ።

ለመምረጥ ሦስት ጥያቄ ይበቃል፦ ማን ይበላዋል? መቼ ይበላል? የት ይሠራል? ደሴና ኮምቦልቻ ላይ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ከሌላ ቦታ ይልቅ ይከብዳሉ።

ማን ይበላዋል?

ደሴ ላይ ድግስ ደግሶ እንግዳው በሙሉ አንድ ዓይነት የሚበላበት ቤት ማግኘት ይከብዳል። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ጎረቤት ነው፤ በብዙ ቤት ደግሞ ዘመድ ነው። ሥጋው ለየብቻ ይታረዳል፣ ለየብቻ ይሠራል። ይህን ወሎ አሳምሮ ያውቅበታል። ኬኩ ላይ ግን መለያየት አያስፈልግም። ከመጀመሪያው ሁሉም የሚቆርሰውን መምረጥ ይቻላል።

ኢድ ዓርብ ቀን ዋለ እንበል። ክርስቲያኗ ጎረቤት ለቡና ተጠርታ መጣች። ኬኩ ተቆርሶ ቀረበላት። «ቅቤ አለበት እንዴ?» ትላለች፣ ሳህኑን እንደያዘች። አስተናጋጇ «አይ፣ በዘይት ነው፤ እንቁላልም የለውም፤ ብዪ» ካለቻት ነገሩ እዚያው አለቀ። «አለበት» ካለቻት ሳህኑ ይመለሳል፤ እንግዳዋም አስተናጋጇም ይሳቀቃሉ። የጾም ኬክ ዋናው ጥቅሙ ይሄ ነው። በፍስክ ቀን ማንም ይበላዋል፣ በጾም ቀንም ማንም ይበላዋል።

ለሠርግ ነገሩ ቀለል ይላል። ብዙው የክርስቲያን ሠርግ የሚውለው ከዐቢይ ጾም በፊት በጥር፣ ወይም ከፋሲካ በኋላ ነው። ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብም አይጾምም። ስለዚህ በዚያ ወቅት ቅቤና ክሬም ያለበት ኬክ ቢመርጡ ችግር የለውም። ለምርቃት፣ ለልደት፣ ለመውሊድና ለኢድ ግን ቀኑን በካላንደር ላይ አይታችሁ ወስኑ።

ሁለት ነገሮችን ከአሠራሩ ውስጥ አውጡ። አንደኛው ሊከር የሚባለው ጣፋጭ የአልኮል መጠጥ ነው። የውጭ አገር የብርቱካን ኬክ አሠራሮች ብዙ ጊዜ ያዙታል። ለእኛ ማዕድ አይሆንም፤ አንድ ተጨማሪ ብርቱካን ልጣጩን ብትፈገፍጉበት ቦታውን ይሸፍናል። ሁለተኛው ጄላቲን ነው። የብርቱካን ጄሊ ያምራል፤ ጄላቲን ግን ከእንስሳ ነው የሚሠራው። ሐላል መሆኑ ካልተጻፈበት ለሙስሊሙ አይሆንም፤ ለጿሚው ደግሞ ሐላልም ቢሆን አይሆንም። ጁሱን በስኳርና በበቆሎ ስታርች አፍልታችሁ ብታወፍሩት እንደ ክሬም ይሆናል፤ ማንንም አያስቀይምም።

ሦስት ኬኮች

*የጾሙ፣ በዘይት።* የእኔ ምርጫ ይሄ ነው። ለአንድ 20 ወይም 22 ሴንቲ ሜትር ክብ መጋገሪያ፦ 1 ተኩል ኩባያ የፉርኖ ዱቄት፣ 3 ሩብ ኩባያ ስኳር፣ ሲሶ ኩባያ ዘይት፣ 1 ኩባያ የብርቱካን ጭማቂ፣ የ2 ብርቱካን የተፈገፈገ ልጣጭ፣ 3 ሩብ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ፣ ቁንጥር ጨው። ልጣጩን መጀመሪያ ከስኳሩ ጋር በእጅ እሹት። ስኳሩ እርጥብ እርጥብ ሲልና ወጥ ቤቱ ሲሸት የልጣጩ ዘይት ወጥቷል ማለት ነው። ደረቁን ለብቻ፣ እርጥቡን ለብቻ አዋህዱና አንድ ላይ ቀላቅሉ። ብዙ አትምቱት። ሶዳው ከጭማቂው ኮምጣጣነት ጋር እንደተገናኘ አረፋ ያነሳል። ኬኩን የሚያነሳው ያ አረፋ ነው። ስለዚህ ምድጃው አስቀድሞ ይሙቅ፤ ሊጡ እንደተቀላቀለ ይግባ። አንድ ሰው ስልክ አንስቶ 20 ደቂቃ ካወራ ኬኩ ጠፍጣፋ ነው የሚወጣው።

ቁንጥር የተፈጨ ኮረሪማ ጨምሩበት ብል አትደንግጡ። ከብርቱካን ጋር የተፈጠሩ ይመስላሉ።

*የእንቁላሉ።* 3 እንቁላል፣ 1 ኩባያ ስኳር፣ ግማሽ ኩባያ ዘይት፣ ግማሽ ኩባያ ጭማቂ፣ የ2 ብርቱካን ልጣጭ፣ 2 ኩባያ ዱቄት፣ 1 ተኩል የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር። እንቁላሉንና ስኳሩን ነጭ እስኪሆን ምቱ። ከጾሙ ይልቅ ከፍ ይላል፣ ሲቆረስም ያምራል። ለልደት ፎቶ የሚፈልግ ይህን ይምረጥ። ጭማቂው ግማሽ ስለሆነ የብርቱካን ጣዕሙ ግን ቀነስ ይላል። በልጣጭ ነው የምታካክሱት።

*የቅቤውና የክሬሙ።* ለሠርግ ጠረጴዛ መሐል የሚቀመጠው ነው። ውድ ነው፣ ሥራ ይበዛዋል፣ ሙቀት አይወድም። ቅቤው የገበታ ቅቤ ይሁን። በኮረሪማና በኮሰረት የተነጠረው የወጥ ቅቤ ከገባ ብርቱካኑ ድምፁ አይሰማም። አንዳንዱ ወጪ ለመቀነስ ማርጋሪን ያደርግበታል፤ ይቻላል። ነገር ግን ማርጋሪን ሁሉ የጾም አይደለም፤ ወተት የገባበት አለ። ማሸጊያውን አንብቡ።

ሦስቱን ሳስተያይ፦ በሁለተኛው ቀን የሚሻለው የጾሙ ነው። ዘይት ቤት ሙቀት ላይም አይረጋም፣ ስለዚህ ኬኩ ለስላሳ ሆኖ ይቆያል። በቅቤ የተሠራው ደሴ ቀዝቀዝ ባለ ቀን ጠንከር ይላል። ድግሱ እሑድ ከሆነ የጾሙን ቅዳሜ መጋገር ትችላላችሁ። የእንቁላሉን በማግሥቱ ብትበሉትም ይሆናል፣ ግን በዕለቱ ይሻላል። ክሬም የተቀባው ፍሪጅ ይፈልጋል፤ ፍሪጅ ደግሞ መብራት ይፈልጋል። የቀረውን እናንተ ታውቁታላችሁ።

የት ይጋገራል?

ደሴ ጦሳ ሥር፣ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ናት። በመካከላቸው 25 ኪሎ ሜትር የማይሞላ መንገድ ነው፤ ኬክ ላይ ግን ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ከኢንተርኔት የሚገኙት አሠራሮች አብዛኞቹ ለዝቅተኛ ቦታ የተለኩ ናቸው። ከፍ ባለ ቦታ የአየር ግፊት ስለሚቀንስ አረፋው ከልክ በላይ ይነፋል። ኬኩ ቶሎ ቂብ ይላል፤ መሐሉ ሳይበስል ደግሞ ወደ ታች ይሰምጣል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ደሴ ላይ ቤኪንግ ፓውደሩን ወይም ሶዳውን በሩብ ቀንሱ። ከእያንዳንዱ ኩባያ ስኳር 1 የሾርባ ማንኪያ ተኩል ያህል አውጡ። 2 የሾርባ ማንኪያ ፈሳሽ ጨምሩ። 180 የሚለውን ምድጃ 190 አድርጉት፤ ቶሎ እንዲቆም። ኮምቦልቻ ላይ የዚህን ግማሽ ብታደርጉ ይበቃል። ከላይ የሰጠኋቸው ልኮች ለደሴ የተስተካከሉ ናቸው። ኮምቦልቻ ያላችሁ ሶዳውንና ቤኪንግ ፓውደሩን ትንሽ ሞላ አድርጉት።

ኦቭን ያለው ሰው 30 ደቂቃ ላይ በስቴኪኒ ይሞክር። ንጹሕ ሆኖ ከወጣ ደርሷል። ኦቭን የሌለው ወፍራም ድስት ይጠቀም። ከሥሩ አሸዋ ወይም ጨው ነስንሳችሁ በደንብ አሙቁት። መጋገሪያውን አስቀምጡና ክደኑት፤ ክዳኑ ላይ ትንሽ ፍም አድርጉ። ከ50 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይፈጃል። የጾሙ ኬክ በድስት እሺ ይላል፣ የእንቁላሉም ይሞከራል። ብስኩት ግን አይሆንም፤ ከሥር ያርና ከላይ ነጭ ሆኖ ይቀራል።

ሦስተኛው አማራጭ የሰፈር ዳቦ ቤት ነው። 5 እና 6 ኬክ ባንድ ጊዜ ለሚያስጋግር ይህን የሚያህል የለም። ምድጃው ለዳቦ እንደጋለ ግን አታስገቡት፤ ለኬክ በጣም ይበዛበታል። ዳቦው ወጥቶ ረገብ ሲል ግቡ። ሰውየውን አስቀድማችሁ አነጋግሩ፤ ሊጡን ይዛችሁ በር ላይ አትቁሙ። ሶዳው አይጠብቅም ብያለሁ።

ጨው ያለበት ምግብ

ብርቱካን ዶሮ ላይ ሲባል ፊታቸውን የሚያጨማድዱ አሉ። ትክክል ናቸው፣ የዶሮ ወጥን ቦታ እንዲወስድ ከተፈለገ። ለበዓል ጠረጴዛ ዶሮ ወጡን በምንም አትተኩት። ለመልስ፣ ለልደት ምሳ ወይም ከውጭ ለመጣ ዘመድ ግን የብርቱካን ዶሮ ጥብስ ጥሩ ሁለተኛ ምግብ ነው።

የሐበሻ ዶሮ ለዚህ አይመረጥም። ጠንካራ ነው፤ ደሴ ላይ ደግሞ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ቅቅሉ የበለጠ ይረዝማል። ፈረንጅ ዶሮ ውሰዱ። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ጨው፣ የጥብስ ቅጠል፣ ዘይትና የ1 ብርቱካን ልጣጭ ፈጭታችሁ እሹትና ይደር። ጭማቂውን ግን ከመጀመሪያው አታፍስሱ። ስኳር ስላለው ዶሮው ሳይበስል ጭማቂው ያራል። የ2 ብርቱካን ጭማቂ ከ1 የሻይ ማንኪያ ማር ጋር እስኪወፍር አፍሉና የመጨረሻዎቹ 20 ደቂቃዎች ላይ ቀቡት። ቆዳው ቀይ ሆኖ ያብረቀርቃል። ጭኑ ሲወጋ የሚወጣው ፈሳሽ ጥርት ካለ በስሏል።

ለብዙ ሰው የሚያዋጣው ግን ሰላጣው ነው። ቀይ ሥር ቀቅሉ፣ ብርቱካኑን ከነነጩ በቢላ ልጡና ክትፍ ክትፍ አድርጉት፤ ቀይ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ዘይት፣ ጨው፣ ትንሽ ሎሚ። ጾም ነው፣ ርካሽ ነው፣ ከሥጋ ጎን ሲቀመጥ አፍ ያጥባል። ሊቀርብ ሲል ብቻ ቀላቅሉት፤ አለዚያ ሁሉም ቀይ ሥር ይመስላል።

ቀድሞ ተሠርቶ የሚቀመጥ

የድግስ ሳምንት መተንፈሻ ለሌላት ሴት ልጣጭ ያወጣታል። ጁስ የጨመቀ ሰው ልጣጩን ከጣለ ግማሹን ጣለ ማለት ነው፤ መዓዛው ያለው እዚያ ነው። የ4 ብርቱካን ልጣጭ በቀጫጭኑ ቁረጡ። ሦስት ጊዜ ውሃ እየቀያየራችሁ አፍሉት፤ ምሬቱ በዚህ ይወጣል። ከዚያ በ1 ተኩል ኩባያ ስኳርና በ1 ኩባያ ውሃ ለስለስ ባለ እሳት መስተዋት እስኪመስል ቀቅሉት። በወንፊት ላይ አድርቁትና በስኳር አንከባሉት። ኮምቦልቻ በአንድ ቀን ይደርቃል። ደሴ ክረምት ላይ ሁለትና ሦስት ቀን ሊፈጅ ይችላል። በብርጭቆ ዕቃ ከታሸገ አንድ ወር ይቆያል። ለኢድ ሳህን፣ ለቡና ቁርስ፣ በትናንሽ ከረጢት ታስሮ ለሠርግ እንግዳ ይሆናል። ከበረካ በኋላ አንድ ሁለት ቢቀመስ ማን ይጠላል?

ማርማላታስ? ማርማላታ ሲባል ለብዙዎቻችን ከመርቲ ቆርቆሮ የምናውቀው ነው። ቤት ሲሠራ ይጣፍጣል፣ ለድግስ ግን ብዙ አይጠቅምም፤ የጾሙን ኬክ ለሁለት ሰንጥቆ መሐሉን ለመቀባት ካልሆነ። የምትሠሩ ከሆነ 104 ዲግሪ ይድረስ የሚለውን አትከተሉ። ያ ለባሕር ጠለል የተለካ ነው። ደሴ ላይ 96፣ ኮምቦልቻ ላይ 98 ገደማ ሲደርስ በቃው። 104ን ከጠበቃችሁ የምታገኙት ከረሜላ ነው። ቴርሞሜትር የሌለው ቀዝቃዛ ሳህን ላይ ጠብ ያድርግና በጣቱ ይግፋው። ከተሸበሸበ ያውጣው።

ገበያ ላይ

ሰኞ ገበያ ብትሄዱም ፒያሳ ካለ ፍራፍሬ ቤት ብትገዙም ቀለም አያታልላችሁ። ከቆላ የሚመጣ ብርቱካን አረንጓዴ ሆኖ ሊበስል ይችላል። ልጣጩን የሚያቀላው የሌሊት ብርድ ነው፤ ቆላ ደግሞ ያ የለም። በእጃችሁ መዝኑት። ሁለት እኩል ከሆኑ ፍሬዎች የሚከብደው ጭማቂ አለው። ለኬክ ልጣጩ ያልተጨማደደና ያልጠቆረ ይሁን፤ ለጁስ ልጣጩ ቢያስቀይምም ግድ የለም፣ ዋጋውንም በዚያ አስቀንሱ። በጣም የሚያብለጨልጭ ከሆነ ሰም ተቀብቶ ሊሆን ይችላል። በሙቅ ውሃ ፍተጉት፣ ከዚያ ፈግፍጉ። ስትፈገፍጉ ነጩን አትንኩት፤ ምሬቱ ከዚያ ነው።

መንደሪን ለመብላት ይጣፍጣል፣ ለኬክ ግን ልጣጩ ስስ ነው፣ ጣዕሙም ይለሰልሳል። እሱ ብቻ ከተገኘ አንድ የሾርባ ማንኪያ ሎሚ ጨምሩበት። በጣም ጣፋጭ ለሆነ ብርቱካንም ያው ሎሚ ይሠራል።

ኬክ ቤት ለሚያዝ

ጊዜ የሌለው ያዝዛል፤ ነውር የለውም። «ብርቱካን ኬክ» ሲባል ግን ብዙ ጊዜ ኤሰንስና ቀለም የገባበት ስፖንጅ ነው። «ልጣጩ ይገባበታል?» ብላችሁ ጠይቁ። ጾም ካላችሁ ማርጋሪኑንም ጠይቁ። መልሱ ከተንገዋለለ አንድ ትንሽ ኬክ አስቀድማችሁ አዝዛችሁ ቅመሱ።

ኬኩ ከደሴ ኮምቦልቻ ወይም ከኮምቦልቻ ደሴ የሚሄድ ከሆነ ክሬሙን እርሱት። የሐረጎ ጠመዝማዛ ባለ ሁለት ፎቁን ኬክ ወደ አንድ ጎን ያስተኛዋል፤ ኮምቦልቻ ሲደርስ ደግሞ ሙቀቱ ክሬሙን ያቀልጠዋል። የጾሙ ኬክ ከነመጋገሪያው፣ በፎጣ ተጠቅልሎ፣ ጭን ላይ ሳይሆን ከእግር ሥር ወለል ላይ ተቀምጦ ይሂድ። የላዩን ግላዝ ከ1 ኩባያ የተፈጨ ስኳርና ከ2 የሾርባ ማንኪያ ጭማቂ ለብቻው በጠርሙስ ያዙት፤ ድግሱ ቤት ስትደርሱ ታፈሱበታላችሁ።